ስድስተኛው ሞተር

አታምኑኝም፤ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን «ይቺ ደግሞ ተረቷን ትተርት» ብዬ አልፌው ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔው ላይ ሆኗል።

ሐሙስ ቀን ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ ውጭ መኪና ጡሩንባ እየነፋ፣ ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ከደንበኛው ጋር እየሳቀ...

ጨለማ የለም። ነጎድጓድ የለም። ጥቁር ድመት እንኳ ብቅ አላለችም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ሥራዬ የድሮ ቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። አንድ ዴክ፣ አንድ ወገበ ሰፊ የድሮ ቴሌቪዥን፣ አንድ ኮምፒውተር። ሰው ሠርጉን፣ የልጁን ልደት፣ የሞተበትን ዘመዱን ያመጣልኛል። እኔ በዴኩ አጫውታለሁ፣ ኮምፒውተሩ ይቀዳል።

ካሴት አይቸኩልም። የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የማላውቃቸውን ሰዎች ሠርግ ስመለከት እውላለሁ። ስንቱን ሙሽራ እዚህች ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዳርኩት መሰላችሁ! እኔ ግን አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ነኝ።

አለቃዬ አንድ ሕግ አላቸው።

«የተጀመረ ካሴት መሃል ላይ አይቆምም።»

እውነታቸውን ነው። ያረጀ ካሴት መሃል ላይ ካቆማችሁት ክሩ ይያዛል። ፖዝ ካደረጋችሁት ደግሞ የባሰ ነው፤ ዴኩ ያችኑ አንዷን ቦታ እየፋቀ እየፋቀ ይበላታል። ለዚህ ነው ፖዝ የተደረገ ዴክ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በራሱ የሚለቀው።

ይህችን አምስት ደቂቃ ያዙልኝ።

በሐሙሱ ዋዜማ፣ ረቡዕ ዕለት፣ እማዬ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠች።

«የአባታችሁ ቀብር ነው» አለችኝ። «ገልብጪልኝ ልጄ። ዓይኔ ጨርሶ ሳይደክም አንዴ ልየው።»



በዚያ ካሴት ላይ የአባዬ ቀብር እንደሌለ የምናውቀው እኔና ወንድሜ ብቻ ነን።

...

አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከነመኪናው ከድልድይ ላይ ሲወድቅ እኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ ወንድሜ ሰባት።

በዚያው ዓመት ቴሌቪዥን ላይ አንድ የካርቱን ፊልም ተጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ። «አምስቱ ዘላዮች» ይባላል።

የሚያስታውሰው ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ከእናንተ መሃል ያየው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ...

አምስት ሞተረኞች ናቸው። ከከተማ ከተማ እየዞሩ ትርኢት ያሳያሉ። በተደረደሩ የጭነት መኪኖች ላይ ይዘላሉ፣ በሚነድ ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ፣ ከጣሪያ ጣሪያ ይበራሉ። አሣሣሉ እንኳ ቀሽም ነበር። ያው አንዱ ደመና አምስት ጊዜ ያልፋል፤ አንዳንዴም ሞተሩ እየበረረ ጎማው መዞሩን ይረሱታል። እኛ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ነገር አላየንም። ቅዳሜ እስኪደርስ ሳምንቱ አይገፋልንም ነበር።

አሠልጣኛቸው ጢሙ ወፍራም፣ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ ነው። ከእያንዳንዱ ዝላይ በፊት ድምፅ ማጉያውን ያነሳና ይጠራቸዋል።

«አንድ!»

«አለሁ!»

«ሁለት!»

«አለሁ!»

እንዲህ እያለ እስከ አምስት። ከዚያ ሞተሮቹ ያጓራሉ።

ወንድሜ የሶፋው መደገፊያ ላይ እንደ ፈረስ ተፈናጦ፣ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዞ ይጠብቃል። አምስተኛው እንደመለሰ እሱ ይጮሃል።

«ስድስት! አለሁ!»

«አንተን ማን ጠራህ?» እለዋለሁ።

«አንድ ቀን ይጠራኛል።»

«የካርቱን ሰው እኮ ነው፣ አንተ ጅል!»

«አባዬን ይመስላል» ይለኝ ነበር፤ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። ጢሙ በእርግጥም ይመስል ነበር።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ከጓዳ ሰማችው። እየሮጠች መጥታ ክዳኑን ነጠቀችው።

«ፊቱን ላላየኸው ጠሪ አለሁ አትበል! አንዴ አለሁ ካልክ መሄድህ ነው!»

ያኔ ሳቅንባት።

ካሴቱንም ያበላሸነው በዚያው ሰሞን ነው። ፊልሙን መቅዳት ፈለግን፤ ባዶ ካሴት የለም። ቤት ውስጥ ያለው የአባዬ ቀብር ብቻ ነው። እማዬ ማንም ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ብላ ከካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ሰብራታለች። ጥርሷ የተሰበረ ካሴት አይቀዳም።

ወንድሜ ቀዳዳዋ ላይ ፕላስተር ለጠፈ። መቅጃውን የተጫንኩት እኔ ነኝ።

ሳናውቅ ነው ብል ውሸቴን ነው። አውቀን ነው። ያን ሁሉ ልቅሶ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አልፈለግንም።

ዘጠኝ ሳምንት ቀዳን። በአሥረኛው ቅዳሜ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ አንድ መነጽራም ሰውዬ ቀርቦ የውሃ ፓምፕ እንዴት እንደሚጠገን ማስረዳት ጀመረ።

አለቀ። ፊልሙ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም።

ወንድሜ እስከ ቀትር አለቀሰ። በአባዬ ቀብር ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም።

«ሳይጠራኝ...» ይላል። «ሳይጠራኝ እኮ ነው የሄደው...»

«ስድስት» የሚለው ቅጽል ስም በዚያው ተለጠፈበት። አድጎም ቀይ ሞተር ገዛ፤ በከተማው ዕቃ ያደርሳል። ስልክ ሲደወልለት እንደ ሰው «ሃሎ» አይልም።

«አለሁ!» ነው የሚለው።

ይህችንም ያዙልኝ።

...

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ካሴቱን ከጨርቁ ፈታሁት። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኖ አሁንም እንደተለጠፈ ነው። መጀመሪያ ለወንድሜ ደወልኩ።

«አለሁ!»

«ጉዳችን ፈላ። እማዬ ካሴቱን ሰጠችኝ።»

ሳቁን ለቀቀው።

«እትዬ፣ ሙት በይኝ! ፊልሙ አለ?»

«እኔ ስለ እማዬ እጨነቃለሁ፣ አንተ ስለ ፊልም ታወራለህ። ምን ልበላት?»

«አብረን እንነግራታለን። ማታ። ጥፋቱ የኔ ነው እላታለሁ፤ እኔን አትቆጣም።» ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ። «ሳልመጣ እንዳትጀምሪው።»

«ሌላ ሥራ አለብኝ፤ አሁን ካልጀመርኩ አልደርስም። የተጀመረ ደግሞ አይቆምም።»

«እሺ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከች እላለሁ። ለመጨረሻው ዝላይ እደርሳለሁ።»

ካሴቱን ዴኩ ውስጥ ከተትኩት።

ዘፈኑ ሲጀምር ዓይኔ እንባ ሞላ። ያ ቀሽም ደመና... ያ የማይዞር ጎማ... ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ካሴትንም ቢጨምሩበት ጥሩ ነበር። ብቻዬን እየሳቅሁ፣ ብቻዬን እያለቀስኩ ዘጠኙንም ክፍል አየሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ዘጠነኛው አለቀ።

ከዚህ በኋላ ሳናጠፋው የቀረ የቀብሩ ጭራ ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ። ሁለትም ሦስትም ደቂቃ ብትሆን ለእማዬ ትበቃታለች።

የቴሌቪዥኑ መስታወት ጠቆረ።

ጥቁር... ጥቁር... አምስት ደቂቃ ያህል ጥቁር።

ከዚያ ዘፈኑ እንደገና ጀመረ።

አሥረኛ ክፍል።

አሥረኛ ክፍል ደግሞ የለም። የፓምፑን ሰውዬ መነጽር ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ዘፈኑ ያው ነው፤ ግን ትንሽ ቀርፈፍ ብሏል። ካሴቱ አርጅቶ ነው አልኩ።

ከተማው ግን ሌላ ነው። ፊልሙ ላይ ያሉት ከተሞች ሁሉ ሹል ጣሪያ ያላቸው ቢጫ ቤቶች ነበሩ። ይሄኛው አስፋልት አለው። የተንጋደደ የመብራት ምሰሶ አለው። አንድ ፋርማሲ አለ፤ አንዱ የበሩ ክንፍ አረንጓዴ፣ ሌላኛው ቀለሙ የለቀቀ።

ቀና ብዬ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲ አንዱ የበሩ ክንፍ አረንጓዴ ነው። ሌላኛው ቀለሙ ለቋል።

ቴሌቪዥኑ ላይ ቢጫ ጥላ የያዘች ሴት ከፋርማሲው ወጣች።

ውጭም... ቢጫ ጥላ የያዘች ሴት ከፋርማሲው ወጣች።

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» ብዬ ክንዴን ቆነጠጥኩ፤ አመመኝ።

ሥዕሉ ተቀየረ። ትልቁ ተሻጋሪ ድልድይ ነው፤ ወንድሜ ወደ እኔ ሲመጣ የሚያልፍበት። አምስቱ ሞተረኞች ከድልድዩ መግቢያ ላይ ተሰልፈዋል። ድሮ እጃቸውን ያወዛውዙ፣ ይቀላለዱ ነበር። አሁን አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። ከአምስተኛው ቀጥሎ የአንድ ሞተር ክፍት ቦታ አለ።

ከዳር አንድ ቀይ ሞተር ቀስ ብሎ መጣና ክፍት ቦታው ላይ ቆመ።

ከኋላው ጥቁር የዕቃ ሳጥን አለው። የሳጥኑ ጥግ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል።

ያንን ፕላስተር ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ የጠቀለልኩለት እኔ ነኝ። በዚህ በገዛ እጄ።

አሠልጣኙ ገባ። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ድምፅ ማጉያውን አነሳ...

ከመናገሩ በፊት ሳለ።

ህእ... ህእ።

ሁለት ጊዜ። ደረቅ ሳል።

አባዬ ሁለት ጊዜ ሳይስል አንድ ቃል አይናገርም ነበር። ማታ ሲመጣ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት የምናውቀው በሳሉ ነው።

«አንድ!»

«አለሁ...»

ድምፃቸው እንደ ድሮው አይደለም። ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

«ሁለት!»

«አለሁ...»

ሦስት። አራት። አምስት።

ከዚያ ዝም አለ።

«ስድስት!»

ቀዩ ሞተር ላይ ያለው ሰው አልመለሰም። ሄልሜቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፤ የጠራውን የሚፈልግ ይመስላል።

የእማዬ ቃል ትዝ አለኝ። ፊቱን ላላየኸው ጠሪ...

«ስድስት!»

አትመልስ! አትመልስ ወንድሜ! ጮህኩ መሰለኝ። ስልኬን አነሳሁ። ሞተሩን አቁም፣ ዳር ያዝ፣ ካለህበት እንዳትነቃነቅ ልለው ነው። ሌላ ምንም አላሰብኩም። ደወልኩ፤ እንዲሰማኝ ብዬ ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አንዴ ጠራ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ባለቀይ ሞተር ሰው እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ።

ሁለቴ ጠራ።

አሠልጣኙ ለሦስተኛ ጊዜ ድምፅ ማጉያውን አነሳ።

«ስድስት!»

ስልኩ ተነሳ።

«አለሁ!»

...



«አለሁ» ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ይገባችኋል? ለሁለት ጥሪ ዝም ብሎ ነበር። እኔ ባልደውል...

«የት ነህ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ድልድዩ ላይ...»

«ቁም! ስሞትልህ ቁም! ዳር ያዝ!»

ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል።

«እትዬ...»

«ወዬ።»

«ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«ጠራኝ እኮ።»

የትልቅ ሰው ድምፅ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ሞተር አጓራ። ከስልኩም፣ ከቴሌቪዥኑም፤ አንድ ላይ።

ቀዩ ሞተር ድልድዩ ላይ ወጣ። ፈጠነ። የድልድዩን አጥር እንደ መወጣጫ ተጠቅሞ ተነሳ... አየር ላይ ወጣ...

ፖዙን ተጫንኩት።

የተጀመረ ካሴት አይቆምም። አውቃለሁ። ግን ወንድማችሁ አየር ላይ ሆኖ የአለቃ ሕግ ማን ያስታውሳል?

ሁሉም ቀጥ አለ። ስልኩም ጭጭ አለ።

...

ወንድሜ ዘጠኝ ተኩል ላይ አልመጣም። አሥር ሰዓት ላይም አልመጣም።

ፖሊሶች የድልድዩን ካሜራ አሳዩኝ። በዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስምንት ከዚህኛው ጫፍ ገባ። ከዚያኛው ጫፍ አልወጣም። አጥሩ አልተጫረም። አስፋልቱ ላይ የጎማ ምልክት የለም። ከድልድዩ ሥር ያለውን ሜዳ ሳር ሳሩን እየገለጡ ፈለጉ፤ አንድ ብሎን እንኳ አላገኙም።

«እህቴ፣ ሰው አየር ላይ አይቀርም» አለኝ አንደኛው ፖሊስ።



አለቃዬን በማግስቱ ወደ ክፍሌ አስገባኋቸው። ቴሌቪዥኑን ለረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ዴኩ ጎንበስ አሉ።

«መቼ ነው ፖዝ ያደረግሽው?»

«ትናንት ከሰዓት።»

«ይሄ ዴክ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይይዝም።»

«አውቃለሁ።»

የዴኩን ገመድ በዓይናቸው ተከተሉት። ከግድግዳው ተነቅሏል። ቅዠት ነው አይደለም የሚለውን ለማወቅ ማለዳ የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡና ወጡ።

«እኔ ምንም አላየሁም፣ ልጄ» አሉኝ ከበሩ ውጭ ሆነው። ከዚያ ወዲህ ወደዚህች ክፍል አልገቡም።

ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው።

እማዬ ለወንድሜ በቀን ሃያ ጊዜ ትደውላለች። አይጠራም። ከዚያ ለኔ ትደውላለች። የምትጠይቀኝን ስታጣ ስለ ካሴቱ ትጠይቀኛለች።

«የአባታችሁን ጨረስሽልኝ?»

«ትንሽ ቀረኝ፣ እማዬ።»

አልነገርኳትም። የቱን ልንገራት? የባሏን ቀብር ማጥፋቴን ነው ወይስ ልጇን «አለሁ» ማሰኘቴን? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ያለው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት።

ማጫወቻውን ብጫነው ዝላዩ ይቀጥላል። ወይ ያርፋል ወይ ይወድቃል። ካልተጫንኩት ደግሞ ዴኩ እየፋቀው ነው። ከሥዕሉ ግርጌ አንድ ነጭ የሚንቀጠቀጥ መስመር አለ፤ በየቀኑ በጣት ያህል ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ አስፋልቱን በላው። ቀጥሎ ጎማዎቹን። ዛሬ ጉልበቱ ጋ ደርሷል።

ነገ ወገቡ ጋ ይደርሳል።

ጣቴን ማጫወቻው ላይ አሳርፌ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ጠዋት ስገባ አንድ ነገር ተቀይሮ አገኘሁት። አሠልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ አልቆመም። ዞሯል። ድምፅ ማጉያውን ጥሎ ድልድዩ ማዶ፣ ወንድሜ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆሟል። ከግንብ ላይ የሚዘል ልጁን እንደሚቀበል አባት ሁለት እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

አባዬ መሆኑን ባውቅ እስካሁን ተጭኜው ነበር። ግን ቀርቤ፣ አፍንጫዬ መስታወቱን እስኪነካ ቀርቤ አየሁት።

ጢሙን ስለውታል። ፊቱን ግን ገና አልሳሉትም።